ሦስት መድረክ፣ አንድ ቦብ

ቦብ ማርሊን የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ፊቱ ሚኒባስ ላይ ተለጥፏል፣ ባጃጅ ጀርባ ላይ ከአንበሳ ጋር ተስሏል፣ ቲሸርት ላይ ታትሟል። አንድ ሙሉ ኮንሰርቱን ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው ቁጭ ብሎ ያየ ሰው ፈልጉ ብትባሉ ግን እሱም ይከብዳችኋል። አብዛኞቻችን ቦብን የምናውቀው በፎቶና በ«ሌጀንድ» ነው፤ ማለትም ከሞተ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1984 በወጣው የምርጥ ዘፈኖች ስብስብ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛን ስጠቀም እነግራችኋለሁ።)

ፎቶ ላይ ያለ ሰው አያልበውም፣ አይደክመውም፣ ባንዱን በዓይኑ አይጠራም። ስለዚህ የምናውቀው ቦብ አንድ ዓይነት ቅዱስ ሥዕል ሆኗል። ሰውየው ግን ከምንም በላይ የመድረክ ሰው ነበር። ደግነቱ ካሜራ ያየው ብዙ ነው። በሙሉ ኮንሰርት መልክ ለገበያ ከወጡት ውስጥ ሦስቱን ማወዳደር እፈልጋለሁ፦ የለንደኑን «ላይቭ አት ዘ ሬይንቦው» (1977)፣ የካሊፎርኒያውን «ዘ ሌጀንድ ላይቭ» (1979) እና የጀርመኑን «አፕራይዚንግ ላይቭ» (1980)። ሦስቱም በሦስት ዓመት ገደማ ጊዜ ውስጥ የተቀረጹ ናቸው። ሰውየው አንድ ነው፤ ባንዱም ከሞላ ጎደል አንድ ነው። የሚያሳዩን ቦብ ግን ይለያያል።

የትኛው ይበልጣል ብትሉ፣ የቦብ አፍቃሪ ከሆኑ አሥር ሰዎች ዘጠኙ «ሬይንቦው» ይላሉ። እኔ አሥረኛው ነኝ፤ ምክንያቴን ልናገር።

ሬይንቦው፦ የፊት ፊልም

መጀመሪያ ታሪኩ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1976 ኪንግስተን ውስጥ ታጣቂዎች ሆፕ ሮድ ወደሚገኘው ቤቱ ገብተው ተኮሱ። ቦብ ቆሰለ፣ ባለቤቱ ሪታ ቆሰለች፣ ማኔጀሩ ዶን ቴይለር ክፉኛ ተጎዳ። ከሁለት ቀን በኋላ ቦብ «ስማይል ጃማይካ» የተባለው ኮንሰርት ላይ ወጥቶ ዘፈነ፤ ከዚያ አገሩን ለቆ ለንደን ገባ። «ኤክሶደስ» የተባለው አልበም እዚያ ተሠራ፣ ሰኔ 1977 መጀመሪያ ላይም ወጣ። የሬይንቦው ኮንሰርቶች የተካሄዱት በዚያው ሳምንት ነው።

እንግዲህ ይህንን ይዛችሁ ፊልሙን ክፈቱት። ጨለማ መድረክ፣ ጂንስ ሸሚዝ የለበሰ ቀጭን ሰው፣ የተጨፈኑ ዓይኖች። ካሜራው ፊቱ ላይ ተጣብቆ አይለቅም። ቦብ ጭንቅላቱን ሲወዘውዝ ድሬዱ ይበተናል፣ ላቡ ይታያል፣ ከማይክሮፎኑ ርቆ ሄዶ ሲመለስ ካሜራው አብሮት ሄዶ ይመለሳል። ፊልሙ ያመነበት ነገር አንድ ነው፦ ይህን ፊት ካየህ ሁሉን አየህ። እውነት ለመናገር ያሳምናል። «ዋር» ላይ ሲደርስ የሚንቀሳቀሰው ሰው የታዳሚው መኖር ትዝ የሚለው አይመስልም።

«ዋር» ላይ ትንሽ ልቁም፤ እዚህ ዘፈን ላይ የእኛ ዓይን ከሌላው ተመልካች ዓይን ይለያል። ግጥሙ ጃንሆይ ጥቅምት 1963 በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ካደረጉት ንግግር የተወሰደ ነው። የለንደን ታዳሚ የሚሰማው የነፃነት መዝሙር ነው። እኛ ግን ተናጋሪውን በሌላ መልክም እናውቃቸዋለን። በአያቶቻችን ቤት ግድግዳ ላይ ፎቷቸው አለ፤ በሌሎች አያቶቻችን ቤት ደግሞ የወሎ ረሃብ አለ፣ የጭሰኛው ጥያቄ አለ።

ይህ ብቻ አይደለም። ያ የሬይንቦው ሳምንት በእኛ አቆጣጠር የግንቦት 1969 መጨረሻ ነው። አዲስ አበባ ቀይ ሽብር ውስጥ ነበረች። ንጉሡ ከሞቱ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ነበር፤ አስከሬናቸው የት እንዳለ ሕዝብ አያውቅም፤ የተገኘው በ1992 ነው። ለንደን ውስጥ አንድ ጃማይካዊ የእሳቸውን ቃል ዓይኑን ጨፍኖ ሲዘፍን፣ ቃሉ በተወለደበት ከተማ ወጣቶች መንገድ ላይ ይገደሉ ነበር። ፊልሙ ይህንን ሊያውቅ አይችልም፤ ማወቅም አይጠበቅበትም። እኛ ግን እያወቅን ነው የምናየው፤ አንዴ ካወቅነው በኋላ ያንን ዘፈን ዝም ብሎ «አሪፍ ነው» ብሎ ማለፍ ይከብዳል። ለእኔ የሬይንቦው ትልቁ ደቂቃ ይሄ ነው፤ ዳይሬክተሩ ያላሰበው ደቂቃ።

ድክመቱስ? ፊት ብቻ ማየት ባንድ አለማየት ነው። ሬጌ ደግሞ የባንድ ሙዚቃ ነው። ቤዝ ጊታሩን የያዘው አስተን «ፋሚሊ ማን» ባሬት ነው፤ ድራሙ ላይ ያለው ወንድሙ ካርልተን ባሬት። የዋን ድሮፕ ምት የሚባለውን አስቡት። በተለመደው ሮክ ትልቁ ከበሮ የመጀመሪያውን ምት ይመታል፤ በዋን ድሮፕ ግን አንደኛው ምት ባዶ ይተዋል፣ ከባዱ ምት ሦስተኛው ላይ ይወድቃል። ያ ባዶ ቦታ ነው ሰውነትን የሚያወዛውዘው። የእኛ እስክስታ ከትከሻ ይጀምራል፤ የቦብ ውዝዋዜ ከጉልበት ይጀምራል፣ ምክንያቱም እግሩ የሚጠብቀው ያንን ዘግይቶ የሚመጣ ምት ነው። ሬይንቦው ውስጥ ውዝዋዜውን በደንብ እናያለን፤ ውዝዋዜውን የሚያመጡትን ሁለት ወንድማማቾች ግን በጨለማ ውስጥ እንደ ዕቃ ነው የምናያቸው።

ሌላም አለ። በዚያው ጉዞ ላይ፣ ግንቦት 1977፣ ፓሪስ ውስጥ ኳስ ሲጫወት የእግሩን አውራ ጣት ተጎድቶ ነበር። ሬይንቦው ላይ የሚዘለው በዚያ እግር ነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሐኪሞች ጣቱ ላይ ካንሰር አገኙ፤ ጣቱ ይቆረጥ ሲሉት እምነቴ አይፈቅድም አለ። ይህን የሚያውቅ ተመልካች ፊልሙን ሲያይ ዓይኑ ወደ እግሩ ይወርዳል። በቃ፣ ከዚያ በኋላ ኮንሰርት ሳይሆን ሕማማት ነው የምናየው። ሬይንቦው ተወዳጅ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይሄ ይመስለኛል፦ ሥዕሉን አይረብሽም። ግድግዳ ላይ የለጠፍነውን ቅዱስ እንዳለ ያንቀሳቅሰዋል።

ዶርትሙንድ፦ የቴሌቪዥን ሥነ ሥርዓት

ወደ ሁለተኛው ከመሄዴ በፊት ሦስተኛውን ላስቀድም። ሰኔ 13 ቀን 1980፣ ዶርትሙንድ፣ ቬስትፋለንሃለ የተባለው ትልቅ አዳራሽ። የቀረጸው የጀርመን ቴሌቪዥን ነው፣ «ሮክፓላስት» ለተባለው ፕሮግራም። በሥርዓት የታተመ ዲቪዲ ሆኖ የወጣው በ2014 ነው።

እዚህ ካሜራው አማኝ አይደለም፣ ሠራተኛ ነው። ማን ይዘፍናል? እሱን አሳይ። ጊታር ሶሎ መጣ? ጊታሩን አሳይ። ይህ ሥርዓት ቅዝቃዜ አለው፤ ጥቅምም አለው። ትልቁ ጥቅሙ መጀመሪያው ላይ ነው፦ ቦብ ከመውጣቱ በፊት አይ ትሪስ፣ ማለትም ሪታ ማርሊ፣ ማርሻ ግሪፊትስ እና ጁዲ ሞዋት፣ የራሳቸውን ዘፈኖች ይዘፍናሉ። ሬይንቦው ውስጥ ተቀባዮች ናቸው፤ እዚህ ለጥቂት ደቂቃ የመድረኩ ባለቤቶች ናቸው። ከዚያ ቦብ ሲወጣና እነሱ ወደ ጎን ሲሄዱ ጆሯችሁ ይለወጣል። ተቀባይ የሚባለው ድምፅ የሦስት ድምፃውያን ድምፅ መሆኑን አንዴ ካወቃችሁ በኋላ እንደ ጌጥ ልትሰሙት አትችሉም።

ዶርትሙንድ በዘፈን ብዛትም ሀብታም ነው። «ሪደምፕሽን ሶንግ» እዚህ አለ፣ አኩስቲክ ጊታር ይዞ። ያ ዘፈን ያለበት አልበም ከወጣ ገና ቀናት ናቸው። ዛሬ በየትምህርት ቤቱ የሚዘፈነው ዘፈን ያኔ አዲስ ነበር፤ ታዳሚው እንደ መዝሙር አያውቀውም። ይህን ማየት ብርቅ ነው።

ችግሩ ከፊልሙ ሳይሆን ከእኛ ነው። ከሦስት ወር በኋላ፣ መስከረም 21 ቀን 1980፣ ኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ ሲሮጥ ወደቀ። መስከረም 23 ፒትስበርግ ላይ የመጨረሻውን ኮንሰርት አደረገ፤ ከዚያ ምሽት ለገበያ የቀረበልን ድምፅ ነው። ግንቦት 11 ቀን 1981 ማያሚ ውስጥ ሞተ፣ በ36 ዓመቱ። እኛ ዶርትሙንድን የምናየው ይህን ሁሉ ተሸክመን ነው። ፊቱ ላይ መክሳት እንፈልጋለን። በሁለት ዘፈን መካከል ዝም ሲል «አሞት ነው» እንላለን። አንድ ሰው ትንፋሹን ሲሰበስብ ትንፋሹን እየሰበሰበ ሊሆን እንደሚችል እንረሳለን። ሙሾ እያወረዱ ሙዚቃ መስማት ይቻላል፤ ሙዚቃውን መገምገም ግን ይከብዳል።

ሳንታ ባርባራ፦ ሥራ ላይ ያለ ሰው

ኅዳር 25 ቀን 1979፣ ሳንታ ባርባራ ካውንቲ ቦውል፣ ካሊፎርኒያ። ከሦስቱ ውስጥ በምስል ደረጃ ደካማው ይሄ ነው፤ አልክድም። እንደ ሬይንቦው የተቀባ ብርሃን የለውም፣ ጥራቱ የዘመኑ ቪዲዮ ነው። ለዚህ ይመስለኛል ሰው ከፍቶ አሥር ደቂቃ አይቶ የሚዘጋው። አትዝጉት።

መጀመሪያ የዘፈኖቹን ዝርዝር እዩ። «ኖ ዉማን ኖ ክራይ» የለም። ለብዙ ሰው ይህ ብቻውን ጥፋት ነው። ለእኔ ግን የፊልሙ ቁልፍ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በፊት የወጣው አልበም «ሰርቫይቫል» ነበር፦ ሽፋኑ ላይ የአፍሪካ አገሮች ባንዲራዎች የተደረደሩበት፣ ከቦብ አልበሞች ሁሉ በግልጽ ፖለቲከኛ የሆነው። መድረኩ ላይ ያለው ሰው ይህን አልበም ሊያስተዋውቅ የመጣ ነው፤ «አፍሪካ ዩናይት»፣ «ዋን ድሮፕ»፣ «ራይድ ናቲ ራይድ»፣ «አምቡሽ ኢን ዘ ናይት»፣ «ዚምባብዌ»። የመጨረሻ ምርጡን ለሕዝብ እያቀረበ አይደለም፤ አንድ ሐሳብ ይዞ መጥቷል፣ ሐሳቡን ሰዎች ይወዱት እንደሆነ ገና አያውቅም።

«አምቡሽ ኢን ዘ ናይት» ስለዚያ የታኅሣሥ 1976 ተኩስ ነው። ሬይንቦው ላይ ጥቃቱ ገና ስድስት ወሩ ነው፤ እዚያ በሰውነቱ ነው ያለው፣ እዚህ ግን ዘፈን ሆኗል። አንድ ሰው የደረሰበትን ነገር ወደ ሥራ ሲቀይረው ምን እንደሚመስል ማየት ከፈለጋችሁ እነዚህን ሁለት ፊልሞች ተራ በተራ እዩ።

ቀጥሎ ባንዱ። ሬይንቦው ላይ ጊታሩን የያዘው ጁኒየር ማርቪን ብቻ ነበር፣ ያውም ገና አዲስ ሰው። ሳንታ ባርባራ ላይ አል አንደርሰን ተመልሷል፣ ኪቦርዱም ሁለት ሆኗል። ድምፁ ወፍሯል። ካሜራው ራቅ ብሎ ስለሚቆም ደግሞ ይህን ወፍራም ድምፅ ማን ከየት እንደሚያመጣው ይታያል። ቦብ ዞር ብሎ ወደ ድራሙ ሲያይ፣ ምቱ ሲቀየር፣ ሦስቱ ሴቶች አብረው ሲንቀሳቀሱ ታያላችሁ። ሁለቱም ፊልሞች ላይ ያለውን «ዘ ሂደን»ን አወዳድሩ። ሬይንቦው ላይ የአንድ ሰው ንዴት ነው። ሳንታ ባርባራ ላይ የአንድ ቡድን ሥራ ነው፤ ንዴቱ አልቀነሰም፣ ተከፋፍሏል።

ሆኖም ትልቁን ማስረጃዬን ለመጨረሻ አቆይቼዋለሁ። «ዚምባብዌ» የተባለው ዘፈን።

ቦብ በ1978 መጨረሻ ኢትዮጵያ መጥቶ ነበር፤ ሻሸመኔንም አይቷል። ብዙ ጊዜ እንደሚነገረው «ዚምባብዌ»ን የጻፈው በዚያ ጉዞ ላይ ነው። ሳንታ ባርባራ ላይ በኅዳር 1979 ሲዘፍነው ዚምባብዌ የምትባል ነፃ አገር የለችም። ለንደን ላንካስተር ሃውስ ውስጥ ድርድሩ ገና አላለቀም፤ ስምምነቱ የተፈረመው ታኅሣሥ 21 ነው። ስለዚህ ዘፈኑ ያኔ ልመናም ዛቻም ትንቢትም ነው። ሊሳሳት ይችል ነበር። የርስ በርስ መከፋፈልን ፈርቶ የሚያስጠነቅቅ ዘፈን ነው፣ ፍርሃቱም ድምፁ ላይ አለ።

አሁን ዶርትሙንድን ክፈቱ፣ ያንኑ ዘፈን። ሰኔ 1980። በመካከሉ ሚያዝያ 1980 ላይ ዚምባብዌ ነፃ ወጥታለች፤ ቦብ ራሱ በነፃነቱ በዓል ላይ፣ ሩፋሮ ስታዲየም፣ ባንዱን ይዞ ዘፍኗል። በር ላይ የነበረው ሕዝብ ለመግባት ሲገፋ ፖሊስ አስለቃሽ ጭስ ተኩሶ መድረኩ ድረስ ደርሷል። እና ዶርትሙንድ ላይ ዘፈኑ ሲመጣ ቃላቱ ያው ናቸው፣ ሥራቸው ግን አልቋል። ድል የተነገረበት ዘፈን ነው፤ ደስ ይላል፣ ይጨፈራል። የሳንታ ባርባራው ግን ገና ያልሆነ ነገር እንዲሆን ይጎትታል። በሰባት ወር ልዩነት አንድ ዘፈን ከጥያቄ ወደ መታሰቢያ ሲቀየር ካሜራ ይዞልናል። ይህን በአልበም አታገኙትም፣ በፎቶም አታገኙትም። የኮንሰርት ፊልም ለምን ይጠቅማል ለሚል ሰው የእኔ መልስ ይሄ ነው።

እጅ ለእጅ

«ታዲያ የሰላሙ ኮንሰርትስ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ሚያዝያ 22 ቀን 1978፣ ኪንግስተን፤ ጃንሆይ ጃማይካን ከጎበኙ 12 ዓመት በሞላው ማግሥት። ቦብ በ«ጃሚንግ» መሃል ሁለቱን የፖለቲካ ባላንጣዎች፣ ማይክል ማንሊን እና ኤድዋርድ ሲያጋን፣ መድረክ ላይ ጠርቶ እጃቸውን ከራሱ በላይ አያያዘ። «ሃርትላንድ ሬጌ» የተባለው ፊልም ውስጥ አለ፤ ፌስቡክ ላይም በየምርጫው ሰሞን «እኛም ቦብ በኖረን» ከሚል ጽሑፍ ጋር ይዞራል።

ስሜቱ ይገባኛል። ግን ያንን ቅንጭብ ብቻ ማየት አደገኛ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1980ው ምርጫ ጃማይካ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተገደሉ። ካሜራው የተያያዙትን እጆች ያዘ፤ እጆቹ ሲለቃቀቁ አልነበረም። የሁለቱን ሰዎች ፊት ልብ ብላችሁ እዩ፦ የመጡት ስለተጠሩ ነው። ዘፋኝ እጅ ማያያዝ ይችላል፤ ተያይዞ ማቆየት የሌላ ሰው ሥራ ነው። እኛ አገር ዘፋኝ ላይ የምንጭነውን ሸክም ሳስብ ይህ ቅንጭብ ተስፋ ሳይሆን ማስጠንቀቂያ ይመስለኛል።

ለዚህም ነው ሳንታ ባርባራን የምመርጠው። እዚያ ውስጥ ተአምር የለም። ማንም እጅ አይያያዝም። ቁስሉ አይታይም፣ ሞቱ ገና አልመጣም። የ34 ዓመት ሰው ከአሥር በላይ ከሚሆኑ የሥራ ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ፣ ከአፍሪካ በጣም ርቆ፣ አብዛኛው ታዳሚ በካርታ ላይ ሊያሳየው ስለማይችለው አህጉር ዘፈን በዘፈን ላይ እየደረበ ይዘፍናል። አንድነት ይላል፤ እኛ ደግሞ ዛሬ ይህን ቃል ስንሰማ ግማሻችን እንስቃለን፣ ግማሻችን እንቆጣለን። እሱ ግን እንደ ሥራ ነው የሚይዘው፦ ምቱን ጠብቅ፣ ቦታህን ያዝ፣ ተቀባዮቹን ስማ፣ እንደገና ጀምር።

የካቲት 6 ቀን 2005፣ ልደቱ 60 ዓመት በሞላበት ቀን፣ ሪታና ልጆቹ መስቀል አደባባይ ላይ ዘፈኑለት። «አፍሪካ ዩናይት» የተባለ ፊልምም ወጥቶለታል። ብዙዎቻችሁ ያኔ ሕፃናት ነበራችሁ። አደባባዩ ሙሉ ነው፣ ዘፈኖቹ አሉ፣ ልጆቹ ፊታቸው ያው ፊቱ ነው፤ እሱ ግን የለም። አዲስ አበባ ቦብን በመድረክ ላይ አግኝታው አታውቅም። በ1978 ሲመጣ ደርግ ነበር፤ የዘፈነላቸው ንጉሥ ስም በአደባባይ በመልካም የሚነሳበት ጊዜ አልነበረም።

ስለዚህ ያለን ፊልም ነው። እንዴት እንደምታዩት ልንገራችሁና ላብቃ። ከሬይንቦው ጀምሩ፣ ምክንያቱም ማንም ሰው ያንን ፊት ሳያይ ማለፍ የለበትም። ቀጥላችሁ ሳንታ ባርባራን እዩ፣ በስልክ ድምፅ ማጉያ ሳይሆን ቤዙ በሚሰማ ነገር። «ዚምባብዌ» ላይ ስትደርሱ አቁሙና ወደ ዶርትሙንድ ሄዳችሁ ያንኑ ዘፈን ስሙ። ከዚያ ተመለሱ፣ የቀረውን ጨርሱ። ያን ጊዜ ሚኒባሱ ላይ ያለው ፎቶ ሲያልፍ ስታዩ፣ ከኋላው የቆሙት ሰዎች ሁሉ ትዝ ይሏችኋል።